ምራቂ የለመደ እጅ

እትዬ ደብሪቱ ከጎጃም መጥተው አንዋር መስጊድ ሰፈር የቅመም ሱቅ ሲከፍቱ ልጃቸው ሐመልማል ገና አልተወለደችም። ሐመልማል ያደገችው በቁንዶ በርበሬና በኮረሪማ ጆንያ መካከል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፊደል ሳትቆጥር ሚዛን ማንበብ ቻለች፤ ሚዛን ማንበብ ሳትችል ደግሞ ምራቂ መስጠት ተማረች።

የእትዬ ደብሪቱ ሚዛን ባለ ሁለት ሳህን አሮጌ ሚዛን ነው። ሐመልማል አንድ ጊዜ ዲጂታል ሚዛን አስገዝታቸው ነበር፤ ጨርቅ ለብሶ መደርደሪያ ላይ ቀረ። «እሱ ቁጥር እንጂ ደስታ አያሳይም» ይላሉ። ደስታ የሚሉት ሁለቱ ሳህኖች እኩል ከቆሙ በኋላ የሚመጣውን ነው። ሻጯ በጭልፋ ጫፍ ትንሽ ትጨምራለች፤ የቅመሙ ሳህን ዝቅ ይላል፤ የገዢውም ፊት ይፈታል። ሽያጩ የሚያበቃው ያኔ ነው።

«ልክ መስጠትማ ግዴታ ነው» ይሏታል ልጃቸውን። «ልክ ሰጥቶ እጁን የሚሰበስብ ነጋዴ፣ ገዢውን ሁለተኛ ዓይንህን እንዳላይ ያለው ያህል ነው።»

ታዲያ ይህ ምራቂ የለመደ እጅ ነው፣ ሐመልማል ዩኒቨርሲቲ ስትገባ አብሮ ገብቶ መከራዋን ያሳያት።

ጄኔራልና ኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የሚባለውን ኮርስ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወደደችው። የክፍል ጓደኞቿ ሞል የሚሉት የአተም መቁጠሪያ አልገባ ብሏቸው ፀጉራቸውን ሲያሹ፣ እሷ ወዲያው ገባት። መርካቶ ውስጥ ብርጭቆ አንድ በአንድ የሚቆጥር ጅምላ ነጋዴ የለም፤ በደርዘን ነው። አተም ደግሞ ከብርጭቆ እጅግ ያነሰ ስለሆነ ደርዘኑ እጅግ በዛ፤ ሌላ ምን ምሥጢር አለው? የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ግድግዳ ላይ ሲሰቀልም አልደነገጠችም። ጭድ ተራ፣ ሸማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ እንደሚባለው ሁሉ፣ ያ የጋዞች ተራ ነው፣ ያ የብረቶች ተራ ነው፤ ጠባዩ የተመሳሰለ በአንድ ተራ ተቀምጧል። የጽሑፍ ፈተናዋን ሁሉ ደህና አድርጋ ሠራች።

የከበዳት ላብራቶሪው ነው። በተለይ ታይትሬሽን።

ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው። ከታች በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አሲድ አለ፤ አንዲት ጠብታ ፌኖልፍታሊን የሚባል፣ ቀለም እየለወጠ የሚጠቁም ኢንዲኬተር ይደረግበታል፤ እንደ ውሃ የጠራ ነው። ከላይ ቢውሬት የሚባለው ረጅም ቀጭን የመስታወት ቱቦ የአሲድ ማርከሻ የሆነውን ቤዝ ሞልቶ ቆሟል። መዝጊያውን በጣት እያላሉ ቤዙን ማንጠባጠብ ነው። አሲዱ ተጠናቆ እንዳለቀ ውሃው ሐምራዊ ለመሆን ያሰበ ይመስላል፤ በነጭ ወረቀት ላይ ካልሆነ የማይታይ፣ ሐፍረት የጀመራት ልጅ ጉንጭ የመሰለ ቀለም ይመጣል። እዚያ ላይ ማቆም ነው። አንዲት ጠብታ ካለፈ ደምቆ ቁጭ ይላል፤ ሥራውም ሁሉ ከንቱ ነው።

የሐመልማል ሁልጊዜ ይደምቃል።

መምህር ሀብተሚካኤል በነጭ ጋውናቸው ኪስ ውስጥ እጃቸውን ከትተው በተማሪዎቹ ጠረጴዛ መካከል ይመላለሳሉ። ቁመተ ረጅም፣ ቃል ቆጣቢ ሰው ናቸው። ሐመልማል ዘንድ ሲደርሱ አጎንብሰው ያያሉ።

«ደምቋል። ድገሚ።»

ትደግማለች።

«ደምቋል። ድገሚ።»

ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን፣ ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ ዕቃዋን ስታጥብ መምህሩ አጠገቧ መጥተው ቆሙ።

«ሐመልማል፣ ወረቀት ላይ ክፍሉ ውስጥ የሚስተካከልሽ ጥቂት ነው። እዚህ ስትመጪ ምን ይነካሻል? ቀለሙ ሲመጣ አታይም?»

«አያለሁ መምህር።»

«ካየሽ ለምን አታቆሚም?»

«ካየሁ በኋላ ትንሽ እጨምርበታለሁ።»

«ለምን?»

ሐመልማል የምታጥበውን ብርጭቆ አዟዟረችው። «ልክ ላይ ሳቆም፣ እንጃ፣ ስስት ስስት ይለኛል።»

መምህር ሀብተሚካኤል መነጽራቸውን አወለቁ። ብዙ ዘመን አስተምረዋል፤ የዓይን ችግር ያለበት፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ሰዓት የማይጠብቅ ተማሪ አይተዋል። ቤዝ መሰሰት የምታፍር ግን የመጀመሪያዋ ናት።

«ቤተሰቦችሽ ምንድን ነው የሚሠሩት?»

«እናቴ አንዋር መስጊድ ጋ ቅመም ትሸጣለች።»

«ገባኝ» አሉ። አልሳቁም፤ ይልቁን አዘኑ። «ስሚ እንግዲህ። የላብ ፈተናው በሚመጣው ሳምንት ነው። የጽሑፉ ውጤት አይደግፈውም፤ ራሱን ችሎ ነው የሚታለፈው። እዚያ ከደመቀብሽ ኮርሱን ወደቅሽ። ኮርሱን ከወደቅሽ ደግሞ ኬሚስትሪ ዲፓርትመንት አይቀበልሽም፤ ሌላ የተረፈ ቦታ ይመድቡሻል። እጅሽን አስተካክይ።»

*

«እጄን እንዴት ነው የማስተካክለው?» አለች ሐመልማል ለሰልሰቢል።

ሰልሰቢል የጎረቤታቸው የጋሼ ሽኩር ልጅ ናት። አባቷ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ እሷም ሜትር አንገቷ ላይ ጠምጥማ ታግዛቸዋለች። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ በሁለቱ ሱቆች መካከል ባለች ጠባብ ደረጃ ላይ ተቀምጠው የማያወሩት ነገር የለም።

«የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» አለች ሰልሰቢል። «ከሥሩ ነው መንቀል። ከዛሬ ጀምሮ ሱቅ ውስጥ ምራቂ የለም። ልክ ላይ ቆመሽ እጅሽን ትሰበስቢያለሽ።»

«እማዬ ትገድለኛለች።»

«እሷ መጋዘን ስትሄድ ነዋ!»

እትዬ ደብሪቱ መጋዘን ሄዱ። የመጀመሪያዋ ገዢ ጭድ ተራ ምግብ ቤት ያላቸው እትዬ ሠርኬ ሆኑ። ነጭ አዝሙድ ጠየቁ። ሐመልማል መዘነች፤ ሁለቱ ሳህኖች እኩል ቆሙ፤ ጥርሷን ነክሳ ጭልፋውን አስቀመጠችና አዝሙዱን ልትጠቀልል ተነሣች።

እትዬ ሠርኬ ሳህኑን አዩ። ሐመልማልን አዩ። እንደገና ሳህኑን አዩ።

«ምነው፣ ተጣላን እንዴ?»

«ኧረ አልተጣላንም እትዬ ሠርኬ።»

«እናትሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«ታዲያ ማን ሞቶባችሁ ነው?»

ሐመልማል ነገሩን ልታስረዳ ሞከረች። ስለ አሲዱ፣ ስለ ጠብታው፣ ስለ ፈተናው ነገረቻቸው። እትዬ ሠርኬ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጡ። ሲያበቃ፣ «ይግባሽ ልጄ፤ እግዜር ይርዳሽ» አሉና ዘንቢላቸውን ከፍ አድርገው ያዙ። «በይ አሁን መርቂልኝ።»

እጅ ምን ያደርጋል! ጭልፋው ጆንያው ውስጥ ገባ። እንዲያውም ካሳ ጭምር ተጨመረበት። ሰልሰቢል በሩ ላይ ቆማ በሜትሯ ጫፍ ፊቷን ሸፍና ትስቃለች።

ማታውኑ ወሬው እትዬ ደብሪቱ ጆሮ ደረሰ። «የእኔን ሱቅ ነው የምትለማመጂበት? ደንበኛዬን ልታባርሪ? ፈተናሽን ራሱን ተለማመጂ!»

ይህች ቁጣ መንገድ አሳየች። ሐመልማል ቢውሬቱን ከዩኒቨርሲቲ ልታመጣ አትችልም፤ ግን ከመድኃኒት ቤት አዲስ የጉሉኮስ መስጫ ቱቦ ገዛች፤ መቆጣጠሪያዋ በአውራ ጣት የምትንከባለል ናት። ለቤዙ የሳሙና ሠሪዎች ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ጥቂት ኮስቲክ ሶዳ አመጣችና ጓንት አድርጋ በብዙ ውሃ አቀጠነችው። ለአሲዱ አቼቶ ነበር። ኢንዲኬተር የቸገራት መስሏት ስታስብ ዓይኗ የእርዱ ጆንያ ላይ አረፈ። እርድ ቤዝ ሲነካው እንደሚቀላ ክፍል ውስጥ ተምረዋል፤ የእናቷ ነጠላ ላይም ሳሙና ሲነካው ስንት ጊዜ አይታዋለች። አቼቶው ውስጥ ቁንጥር እርድ ጨመረች፤ ቢጫ ሆነ። ሶዳውን በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታ፣ ቱቦውን ሰክታ፣ ከሱቁ ሸራ ብረት ላይ ሰቀለችው።

መርካቶ መሆኑን ረስታ ነበር። ፍራሽ ተሸክሞ የሚያልፈው ማስረሻ መጀመሪያ ቆመ። የሰፈሩ ተሸካሚ ነው፤ ሸክም ቢከብደውም ወሬ አያልፈውም።

«እትዬ ደብሪቱ! እርዱ ታሟል እንዴ? ጉሉኮስ የሰካችሁለት?»

«አልታመመም፤ እየተማረ ነው!» አለች ሰልሰቢል።

«ካሁኑ በጉሉኮስ ከተማረ ሲመረቅማ ኦክስጅን ነው!»

ሳቅ ሰው ይሰበስባል። ሐመልማል ማንጠባጠብ ስትጀምር ሱቁ በር ላይ ሰው ተደርድሯል። ጠብታዋ ስታርፍ ቀይ ነጥብ ትታያለች፤ ስትበጠበጥ ትጠፋለች። ሰዉ የኳስ ጨዋታ የሚያይ ይመስል ትንፋሹን ያዘ። ነጥቧ ቶሎ አልጠፋ ማለት ጀመረች። ፈሳሹ ወደ ብርቱካን ቀለም አደላ።

«አቁሚ! አቁሚ በቃ!» አለ አንዱ።

«ኧረ መርቂበት! ምን አለበት!» አለ ሌላው።

አውራ ጣቷ ተንቀሳቀሰ። ፈሳሹ እንደ ሸክላ ቀላ።

«ሄደ!» ብሎ ጮኸ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ። ማስረሻ ከነፍራሹ ዘለለ።

«የልጄን ትምህርት ጨዋታ አደረጋችሁት! ሂዱ ወደ ሥራችሁ!» አሉ እትዬ ደብሪቱ፤ ከሁሉም በላይ አንገታቸውን አስግገው ያዩ የነበሩት ግን እሳቸው ናቸው። «እስኪ ድገሚው» አሉ ሰዉ ሲበተን፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ደገመችው፤ ቀላ። እንደገና፤ ቀላ። ሐመልማል ደረጃዋ ላይ ቁጭ አለች። ዓይኗ እንባ ያዘ። ሰልሰቢል አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች። ለጊዜው አልቀለደችም።

«ሐሙ፣ አባቴ ከሜትሩ በኋላ አንድ ጋት ጨርቅ የሚጨምረው ለምንድን ነው?»

«ለምራቂ ነዋ።»

«ምራቂስ ለምንድን ነው?»

«ገዢው ተመልሶ እንዲመጣ።»

«ጎሽ። አሁን ይሄ አቼቶሽ ነገ ተመልሶ ይመጣል?»

ሐመልማል ቀና አለች። «አይመጣም። ሶዳው ልክ ሲደርስ እኮ አቼቶነቱም የለም፤ ተለውጦ አለቀ፤ ጨውና ውሃ ሆነ።»

«ስለዚህ ደንበኛው የለም።»

«የለም።»

«ሱቅ ውስጥ ደንበኛው ሞቶ፣ ሬሳው ላይ አዝሙድ ታፈሻለሽ ማለት ነው!»

ሐመልማል በእንባዋ መሐል ፈነዳች። ሁለቱም ደረጃው ላይ ተደጋግፈው እስኪያማቸው ሳቁ። ጋሼ ሽኩር ከጨርቁ መሐል ብቅ ብለው፣ «ምን አገኛችሁ?» ቢሉ ሳቁ ባሰባቸው። ከዚያ በኋላ በሞከረችው ጊዜም ሳቋ አላስቆም ብሏት ቀላ። በሚቀጥለው ግን ብርቱካን ቀለሙ ላይ ጣቷ ቆመ። አንዳንዴ ቆመ፣ አንዳንዴ አልቆመም፤ ፈተናው እስኪደርስ እንዲሁ ሲል ሰነበተ።

*

የፈተናው ቀን ላብራቶሪው ከወትሮው ጸጥ ያለ ነው። ሐመልማል ቢውሬቷን ሞላች፤ ከነጭ ወረቀቱ ላይ አሲዱን አኖረች። መጀመሪያ ቤዙን ሳትሳሳ አወረደችው፤ ሐምራዊው እየመጣ ለመጥፋት መዘግየት ሲጀምር በጠብታ አደረገችው። በስተኋላዋ የመምህር ሀብተሚካኤል እርምጃ ይሰማታል።

ቀለሙ መጣ፤ ያ የጉንጭ ቀለም። ጣቷን በላት። ጭልፋው፣ ጆንያው፣ የእትዬ ሠርኬ ዘንቢል ሁሉ በዓይኗ መጣ። «ሬሳ ላይ አዝሙድ» አለች በልቧ፤ ሳቋ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነከሰች፤ መዝጊያውን ጠረቀመች። ቆመ!

ዕቃውን ቀስ ብላ አዟዟረችው። ሐምራዊው ደብዘዝ፣ ደብዘዝ አለና ጠፋ። ውሃው እንደገና ጠራ።

ያበላሸችው መሰላት። ወዲያው ግን ነገሩ ገባት። ጠፋ ማለት ገና አሲድ ቀርቷል ማለት ነው። ደንበኛው አልሞተም፤ ልኩም አልሞላለትም። ካሁን ወዲያ የምትሰጠው ምራቂ ሳይሆን የራሱን ነው። ግን ምን ያህል? ሙሉ ጠብታ ብትለቅ እንደሚደምቅ ታውቃለች። መዝጊያውን በፀጉር ስፋት አላላችው፤ በቱቦው ጫፍ ላይ ያልሞላች ጠብታ ተንጠለጠለች። ሳትወድቅ በዕቃው ግድግዳ አስነክታ ወሰደቻትና በንጹሕ ውሃ አጥባ አወረደቻት። አዟዟረች።

ሐምራዊው መጣ። ጠበቀች። ቆየ።

እጇ ግን አሁንም ይበላታል፤ ስለዚህ ጋውኗ ኪስ ከተተችው። መምህር ሀብተሚካኤል አጎንብሰው አዩ። ከጎን አዩ፤ ከላይ አዩ፤ ነጩን ወረቀት አንቀሳቅሰው አዩ። «ደምቋል» አላሉም። «ድገሚ» አላሉም። አንድ ነገር ጻፉና ወደሚቀጥለው ተማሪ አለፉ።

ፈተናው መደገም ስላለበት ደገመችው፤ የመጀመሪያውን መሰለ። ስሌቷን ሠርታ አስረክባ ወጣች። አልፋ ይሁን ወድቃ ግን የሚነግራት ፊት አላየችም።

*

ቅዳሜ መርካቶ እግር ማሳረፊያ የለውም። እትዬ ደብሪቱ ከአንድ የክፍለ ሀገር ነጋዴ ጋር ይከራከራሉ፤ ሐመልማል ትመዝናለች፤ ውጤቱ ገና ስላልተለጠፈ ልቧ አልተመለሰም። ቀና ስትል አንድ ረጅም ሰው ዘንቢል ይዘው ከፊቷ ቆመዋል።

ያለ ጋውን አይታቸው አታውቅም። መምህር ሀብተሚካኤል ናቸው።

«ቁንዶ በርበሬ» አሉ። «ግማሽ ኪሎ።»

ሐመልማል ጭልፋውን አነሳች። አፈሰች፤ መዘነች። ሳህኖቹ ተወዛወዙ፤ ተረጋጉ፤ እኩል ቆሙ። እጇ ያን ሁሉ ቀን የተለማመደውን አደረገ፤ ቀጥ አለ።

መምህር ሀብተሚካኤል ዘንቢላቸውን እንደከፈቱ ቆመው ይጠብቃሉ። እሷም ትጠብቃለች። ሳህኖቹም አይንቀሳቀሱም።

ይህን ያዩት እትዬ ደብሪቱ ነጋዴውን ጥለው መጡ።

«ውይ ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ! ልጄ እንዲህ አልነበረችም፤ እጀ ሰፊ ነበረች። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ አስተማሪ ገጥሟት ነው እጇን ያደረቀብኝ። ጠብታ ሲቆጥር የሚውል ሰው ነው አሉ።»

«እማዬ» አለች ሐመልማል።

«ምን እማዬ ትይኛለሽ! ቤቱ እንግዳ ቢሄድ ሻይ እንኳ በጠብታ ሳያቀርብ አይቀርም። ምን ትረግጪኛለሽ? እግሬን!»

«ሰውየውን አውቀዋለሁ» አሉ መምህር ሀብተሚካኤል በእርጋታ።

«ያውቁታል? እንዴት?»

«አንድ ቤት ነው የምናድረው።»

«ወንድምዎ ነው?»

«እኔው ነኝ።»

እትዬ ደብሪቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከጎን ሱቅ ብቅ ያለችው ሰልሰቢል ተመልሳ ገባች፤ ከጨርቁ ክምር ጀርባ ሳቋ ይሰማል።

«አይጨነቁ እትዬ» አሉ መምህሩ። ከዚያ ወደ ሐመልማል ዞሩ። ላብራቶሪ ውስጥ እንደሚያደርጉት ትንሽ አጎነበሱ። «ውጤቱ ሰኞ ይለጠፋል። እስከዚያ እንዳታስቢ ብዬ ነው በዚህ ያለፍኩት። አልፈሻል። ሁለቱም ሙከራሽ ልክ ነው። እኔ ደግሞ እንደምታውቂው ምራቂ አልሰጥም፤ ያገኘሽው የራስሽን ነው።»

የእትዬ ደብሪቱ እልልታ ከሱቁ ወጥቶ መንገዱን ተሻገረ። ማስረሻ የት እንደነበረ እንጃ፣ ባዶ ጀርባውን ይዞ ደረሰና፣ «እርዱ ዳነ?» አለ። ሰልሰቢል ሮጣ መጥታ ሜትሯን በሐመልማል አንገት ላይ እንደ አበባ ጠመጠመችላት። ጋሼ ሽኩር «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» እያሉ የመምህሩን እጅ ጨበጡ። የክፍለ ሀገሩ ነጋዴ ምን እንደሆነ ሳይገባው አጨበጨበ።

ግርግሩ በረድ ሲል ሐመልማል አየች፤ መምህር ሀብተሚካኤል አልሄዱም። ዘንቢላቸው አሁንም እንደተከፈተ ነው፤ ዓይናቸው ሚዛኑ ላይ ነው።

«ሐመልማል» አሉ። «ይሄ ላብራቶሪ ነው?»

«አይደለም መምህር።»

«እኔስ አሲድ ነኝ?»

«ኧረ አይደሉም መምህር!»

«ባለቤቴ ይሄን ሱቅ ከወደደችው እኔ በየጊዜው ተመልሼ የምመጣ ሰው ነኝ።»

ሰልሰቢልና ሐመልማል ተያዩ። ሐመልማል ሳቋን መያዝ አልቻለችም፤ ጭልፋውን ጆንያው ውስጥ እስከ እጀታው ሰደደችው፤ አንዴ ጨመረች፤ ደገመች። ሳህኑ ወርዶ ጠረጴዛውን ጓ! አደረገው።